የላፕቶፕ ሙቀት ልኩ እስከ ስንት ነው?



ላፕቶፕ የተባለው መሣሪያ በዛሬው ጊዜ በሰንበት ትምህርት ቤታችን አገልግሎት ውስጥ ያልገባበት ክፍል የለም። መዝሙር ክፍሉ የመዝሙር ጥራዙን የሚያዘጋጀው፣ ሒሳብ ክፍሉ ገቢና ወጪውን የሚመዘግበው፣ ትምህርት ክፍሉ የሕፃናቱን ስምና ውጤት የሚያስቀምጠው በዚሁ ነው። ይህች በእጃችሁ ያለችው መጽሔትም በማባዣ ከመባዛቷ በፊት በላፕቶፕ ተጽፋለች። ከመካከላችን ዩኒቨርሲቲ የገባነው ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፋችንን የምንሠራው ወላጆቻችን ገብስና ስንዴ፣ አንዳንዶቹም በሬ ሸጠው በገዙልን አንድ ላፕቶፕ ነው። ይህ ዕቃ ከተበላሸ ሌላ የሚተካልን እንደሌለ እያንዳንዳችን እናውቃለን።

ስለ መሣሪያው ሙቀት በመካከላችን ሁለት ዓይነት አስተያየት ይሰማል። አንደኛው ወገን ላፕቶፑ ሞቅ ካለና ፋኑ መጮኽ ከጀመረ «ሊቃጠል ነው!» ብሎ ይደነግጣል፤ ወዲያው ያጠፋዋል፤ ወደ ጠጋኝ ይሮጣል፤ ያልተበላሸውን ዕቃ አስፈትቶ ገንዘቡን ከፍሎ ይመለሳል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «እኛ እኮ ያለነው አሰላ ነው፤ በዚህ ብርድ ምን ይሞቃል?» ይልና ላፕቶፑን አልጋ ላይ፣ ጋቢ መካከል አስቀምጦ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራበታል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ተሳስተዋል፤ ይልቁንም የሁለተኛው ይብሳል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ምክንያቱን ለማስረዳት ነው።

በመጀመሪያ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ እንመልከት። የኮምፒዩተር አንጎል የሚባለው ፕሮሰሰር በውስጡ ትራንዚስተር የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ማብሪያና ማጥፊያዎች አሉት። ኢንቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1971 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያወጣው የመጀመሪያው ማይክሮፕሮሰሰር 2,300 ትራንዚስተሮች ነበሩት። ዛሬ በእጃችን ባለው ላፕቶፕ ውስጥ ያሉት በቢሊዮን ይቆጠራሉ። እያንዳንዱ ትራንዚስተር በበራና በጠፋ ቁጥር ጥቂት ኤሌክትሪክ ይበላል፤ የበላውም ኤሌክትሪክ መጨረሻው ሙቀት ነው። ፕሮሰሰር እህል ፈጭቶ ዱቄት እንደሚያወጣ ወፍጮ አይደለም፤ ወይም ውኃ ወደ ላይ አይገፋም። 15 ዋት ከበላ 15 ዋት ሙቀት ያወጣል፤ ሒሳቡ ይኸው ነው።

«15 ዋት ምን አላት?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ትንሽ አምፖል ማለት ነች። ነገር ግን የምትወጣበትን ስፋት ማየት ያስፈልጋል። በየቤታችን ያለውን የኤሌክትሪክ ምጣድ እንውሰድ። የሚበላው 3,500 ዋት ገደማ ነው፤ ወርዱም 58 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ኃይሉን ለስፋቱ ስናካፍለው ለእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር የሚደርሰው ከአንድ ዋት ተኩል ያነሰ ነው። ፕሮሰሰሩ ግን ስፋቱ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል፣ ማለትም ከአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ሲሆን፣ 15 ዋቱን በሙሉ በዚያች ሥፍራ ላይ ያወጣል። እንግዲህ በስፋቱ ልክ ስንመዝነው ፕሮሰሰሩ ከምጣዱ ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ሙቀት ያመነጫል ማለት ነው። ምጣዱ እንኳ ሊጥ ይፈስበታል፤ ውኃውም ሲተን ሙቀቱን ይዞለት ይሄዳል። ለቪዲዮና ለጨዋታ የሚሠሩት ትልልቆቹ ላፕቶፖች ደግሞ 45 ዋትና ከዚያም በላይ የሚበላ ፕሮሰሰር አላቸው።

ይህን ሙቀት ከውስጥ የሚያወጣው ሥርዓት ምን ይመስላል? በፕሮሰሰሩ ላይ ግራጫ ቅባት ይደረግና ጠፍጣፋ የመዳብ ቱቦ ይጫንበታል። ብዙ ሰው ይህን ቱቦ ድፍን መዳብ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ውስጡ ክፍት ነው። አየሩ ወጥቶ ጥቂት ጠብታ ውኃ ተደርጎበት ታሽጓል። ውኃው በሞቀው ጫፍ ላይ ይተንናል፤ እንፋሎቱ ወደ ሌላው ጫፍ ሄዶ ይቀዘቅዝና ሙቀቱን ጥሎ እንደገና ውኃ ይሆናል፤ ከዚያም በቱቦው ግድግዳ ላይ ባለው ጥቃቅን ቀዳዳ ተስቦ ይመለሳል። ምሳሌው ለሰንበት ትምህርት ቤት መጽሔት የሚመች ባይሆንም፣ እናቶች አረቄ ሲያወጡ ያየ ሰው ነገሩ በቶሎ ይገባዋል፤ በአንድ በኩል ይተንናል፣ በሌላ በኩል ይንጠባጠባል። በቀዝቃዛው ጫፍ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ስስ ብረቶች አሉ። ፋኑ ከላፕቶፑ ሆድ በታች ባለው ቀዳዳ አየር ይስብና በእነዚህ ጥርሶች መካከል አሳልፎ ከጎን ወይም ከኋላ ያስወጣዋል። ስለዚህ ፋን ሲጮኽ መሥራቱ ነው። ሊያስፈራን የሚገባው ከባድ ሥራ እየተሠራ ዝም ያለ ፋን ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ሰው ጤነኛ ከሆነ የሰውነቱ ሙቀት 37 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በጥቂቱ ከፍ ካለ ታሟል እንላለን። ብዙዎቻችን ለፕሮሰሰርም እንዲህ ያለ አንድ ቁጥር እንፈልጋለን፤ ፕሮሰሰር ግን 37 የለውም። እንደ ሥራው ከደቂቃ ወደ ደቂቃ ይወጣል፣ ይወርዳል። በጠቅላላው ሥራ ፈቶ ሲቀመጥ ከ35 እስከ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ስንጽፍና ስናነብ ከ45 እስከ 65፣ ቪዲዮ ስናቀናብር ወይም ከባድ ስሌት ስናሠራው ከ75 እስከ 90 ዲግሪ ቢደርስ የተለመደ ነው። አንዳንዴም ለጥቂት ሴኮንድ ከዚያ በላይ ብቅ ብሎ ይመለሳል። አምራቾቹ ያስቀመጡት የላይኛው ወሰን ለብዙዎቹ የኢንቴል ላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ፣ ለአንዳንዶቹ 105 ነው። ኤኤምዲ የተባለው ኩባንያም እንደ ዓይነቱ ከ95 እስከ 105 ባለው ውስጥ ወስኗል። የአሰላን ከፍታ ስናስብ ይህ የሚያስገርም ነገር አለው። በከተማችን ድስት ውስጥ የሚንተከተክ ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ግን ከሚፈላ ውኃችን በላይ ሞቆ፣ በደኅና ሊሠራ ይችላል ማለት ነው።

ወሰኑ ላይ ሲደርስ ምን ይሆናል? ይቃጠላልን? አይቃጠልም። በውስጡ ያሉት የሙቀት መለኪያዎች ነገሩን ያውቁና ፕሮሰሰሩ በራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይፈጥናል። ይህም ካልበቃና ሙቀቱ ከወሰኑ እጅግ ካለፈ መሣሪያውን ድርግም አድርጎ ያጠፋዋል። በድሮ ጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ2001 እ.ኤ.አ. የኮምፒዩተር ሞካሪዎች ማሽኖቹ እየሠሩ ሳለ ከፕሮሰሰሮቹ ላይ የማቀዝቀዣውን ብረት አንሥተው በፊልም ቀርጸው ነበር። የኢንቴል ፔንቲየም 4 ፍጥነቱን ቀንሶ ሥራውን ቀጠለ፤ የኤኤምዲ አትሎን ግን ወዲያው ጭስ አውጥቶ ተቃጠለ። ያ ፊልም በዓለም ዙሪያ ብዙ ክርክር አስነሣ። ዛሬ የሁለቱም ኩባንያዎች ፕሮሰሰሮች መጠበቂያው አላቸው። ስለዚህ 90 ዲግሪ አይቶ የደነገጠው ወንድማችን ይረጋጋ።

ታዲያ መጠበቂያ ካለው ለምን እንጨነቃለን? እዚህ ላይ ነው ነገሩን በደንብ መረዳት የሚያስፈልገው። የአንድ ሙቀት ጉዳት የሚታወቀው ዲግሪው ስንት መሆኑን በማየት ብቻ ሳይሆን ያገኘው ምን እንደሆነና ስንት ሰዓት እንደቆየበትም በማየት ነው። ለዚህ ከከተማችን ከአሰላ ብቅል ፋብሪካ የተሻለ አስተማሪ አናገኝም። ለቢራ የሚሆን ብቅል ሲዘጋጅ ገብሱ በውኃ ይዘፈዘፋል፣ ይበቅላል፣ ከዚያም ሞቃት አየር እየነፈሰበት ይደርቃል። ገብሱ ገና እርጥብ ሳለ 80 ዲግሪ ቢለቀቅበት ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጡት ኢንዛይሞች ይሞታሉ፤ ብቅሉም ብቅል መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ በመጀመሪያ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ባለ አየር እርጥበቱ ይወጣለታል፤ ከደረቀ በኋላ ያንኑ 80 ዲግሪ ይችለዋል። ዲግሪው አንድ ነው፤ የተገናኘው ዕቃ ግን ተለውጧል።

በላፕቶፕ ውስጥም እንዲሁ ነው። 45 ዲግሪ ለፕሮሰሰሩ ዕረፍት ነው፤ ከጎኑ ለተቀመጠው ባትሪ ግን ሥቃይ ነው። የሊትየም ባትሪ በውስጡ ኬሚካል ያለበት ሕይወተ ብዙ ዕቃ ስለሆነ ሙቀት በጨመረ ቁጥር እርጅናው ይፋጠናል። ለዚህም ነው ብዙ ላፕቶፖች ባትሪው ወደ 45 ዲግሪ ሲጠጋ መሙላት የሚያቆሙት። አፕል ለላፕቶፖቹ የመረጠው የክፍል ሙቀት ከ10 እስከ 35 ዲግሪ ሲሆን፣ ፕሮሰሰሩ መቶን የሚችል ሆኖ ሳለ ክፍሉ 35 እንዳያልፍ የተባለው በይበልጥ ስለ ባትሪውና ስለ ሌሎቹ ክፍሎች ሲባል ነው። አንድ ተማሪ «ባትሪዬ በአንድ ዓመት ሞተ፤ ዕቃው ፎርጅድ ነበር» ሲል ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ፎርጅድ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ቻርጀሩ እንደተሰካ በብርድ ልብስ ላይ ስንት ሌሊት እንዳደረም መጠየቅ ይገባል።

ፕሮሰሰሩም ቢሆን ለዘለዓለም አይችልም። ለዓመታት በየቀኑ ወሰኑ ላይ ሆኖ ከሠራ በውስጡ ያሉት ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ የብረት መስመሮች በኤሌክትሪኩ ግፊት ቀስ በቀስ ይሸረሸራሉ፤ ሙቀትም ይህን ያፋጥነዋል። በተጨማሪም ትራንዚስተር በሞቀ ቁጥር ሳይሠራ እንኳ የሚያፈስሰው ኤሌክትሪክ ይበዛል፤ የፈሰሰው ኤሌክትሪክ ተመልሶ ሙቀት ይሆናል። ይህ እንግዲህ ራሱን የሚመግብ ችግር ነው። ከሁሉ በፊት የሚታየው ጉዳት ግን የጊዜ ነው፤ ፍጥነቱን የቀነሰ ላፕቶፕ በሃያ ደቂቃ የሚጨርሰውን የመዝሙር ቪዲዮ ለግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሊጎትተው ይችላል። ድርግም ብሎ ከጠፋ ደግሞ ያልተቀመጠው ጽሑፍ አብሮት ይጠፋል። የመመረቂያ ጽሑፉን በአስረካቢው ቀን ዋዜማ እንዲህ ያጣ ተማሪ ምን ያህል እንደሚያዝን ለናንተ መንገር አያስፈልግም።

ሦስተኛው ሙቀቱ የሚያገኘው የእኛው ገላ ነው። በ1947 እ.ኤ.አ. ሞሪትዝና ሄንሪከስ የተባሉ ተመራማሪዎች የሰው ቆዳ 44 ዲግሪ ከሆነ ነገር ጋር ለስድስት ሰዓት ያህል ቢነካካ እንደሚቃጠል አሳይተዋል። 44 ዲግሪ እጅ ሲነካው ደስ የሚል ሙቀት ነው፤ ተንኮሉም እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ያነሰውም ሙቀት ቢሆን በየቀኑ አንድ ቦታ ላይ ከዋለ ቆዳው ላይ መረብ የመሰለ ቡናማ መስመር ያወጣል። በየገጠሩ ምድጃ ዳር ዘወትር የሚሞቁ አያቶቻችን ቅልጥም ላይ ያለውን ያየ ያውቀዋል። ሐኪሞች ይህንኑ ምልክት ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ላፕቶፕ ጭናቸው ላይ በሚያስቀምጡ ወጣቶች ላይ አይተው ጽፈዋል። አሰላ ውስጥ በሐምሌ ሌሊት ላፕቶፕን እንደ ምድጃ መሞቅ የተለመደ ስለሆነ ይህን ነገር በተለይ ለእኅቶቻችንና ለወንድሞቻችን በማደሪያ ላሉት እናሳስባለን።

ወደ ብርዱ ጥያቄ እንመለስ። የሁለተኛው ወገን አነጋገር ግማሽ እውነት አለበት። የክፍሉ አየር አሥር ዲግሪ ቢቀዘቅዝ የፕሮሰሰሩም ሙቀት በዚያው ያህል ገደማ ዝቅ ይላል። ከዚህ አንጻር አሰላ ያለው ተማሪ አዳማ ወይም መተሐራ ካለው ጓደኛው ይሻላል። ነገር ግን አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በእያንዳንዱ ዙር የሚገፋው የአየር መጠን ያው ቢሆንም፣ በዚያ መጠን ውስጥ ያለው አየር ግን ቀላል ስለሆነ ተሸክሞ የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በዚሁ በአሰላ አካባቢ፣ ደራርቱ ቱሉም በበቆጂ አድገው በስስ አየር መሮጥን ሳምባቸው ለምዶታል። የላፕቶፕ ፋን ግን ከፍታን አይለምድም፤ ያለው አማራጭ አብዝቶ መሽከርከር ብቻ ነው። ስለዚህ ብርዱ የሰጠንን ስስ አየሩ በከፊል መልሶ ይወስድብናል።

አንዳንዱ «እንግዲያው ላፕቶፕ በከፍታ አይሠራም ማለት ነውን?» ሊል ይችላል። ይሠራል። ብዙ አምራቾች ዕቃቸው እስከ 3,000 ሜትር ከፍታ ድረስ እንዲሠራ አድርገው ነው የሚያወጡት። አሰላም ሆነች 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው በቆጂ ከዚህ በታች ናቸው። ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በጭላሎ ተራራ ላይ ወጥቶ ቪዲዮ የሚያቀናብር ካለ ግን ከአምራቹ ወሰን መውጣቱን ይወቅ።

ችግሩ ብርዱን ተማምነን የምናደርገው ነው። ጋቢ በራሱ ሙቀት የለውም፤ የሚያሞቀን ከገላችን የሚወጣውን ሙቀት በድሩና በማጉ መካከል ባለው በቆመ አየር ይዞ ስለሚያስቀርልን ነው። ላፕቶፑን ጋቢ ላይ ስናስቀምጠው ያንኑ ለላፕቶፑም ያደርግለታል፤ ከዚህም በላይ ከሆዱ በታች ያለውን የአየር መግቢያ ይደፍንበታል። ፋኑ የሚስበው አየር ያጣል፤ ይጮኻል፤ የወጣውንም ሞቃት አየር መልሶ ይስባል። ይህን ማንም በቤቱ ሊሞክረው ይችላል። አንድ ዓይነት ሥራ አንድ ጊዜ በጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ጊዜ በፍራሽ ላይ ያሠራና ቁጥሩንና የፈጀበትን ጊዜ ያስተያይ። ለዚህ የሚሆኑ በነፃ የሚገኙ ፕሮግራሞች አሉ፤ ለዊንዶውስ ኮር ቴምፕ እና ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባሉት ይታወቃሉ፤ ሊነክስ ላለው ደግሞ ሴንሰርስ የሚባለው ትእዛዝ ይበቃል። ከጓደኛ ፍላሽ ላይ ከመገልበጥ ከባለቤቶቹ ድረ ገጽ ማውረድ ይሻላል፤ አለበለዚያ ሙቀት እንለካለን ብለን ቫይረስ እንዳናስገባ።

የእኛ የአዳራሻችን ነገርም ሳይነሣ አይታለፍም። ምንጣፉ ላይ ተቀምጠን ላፕቶፑንም ምንጣፉ ላይ እናስቀምጠዋለን። ምንጣፍ ደግሞ እንደ ጋቢው አየር ከመከልከሉ ሌላ አቧራውን በቀጥታ ወደ ፋኑ ይመግባል። በዚህ ላይ የጧፍና የዕጣን ጢስ አለ። ዕጣን ሙጫ ነውና ጢሱ የሚተወው ነገር ያጣብቃል፤ አቧራው በእነዚያ ስስ ጥርሶች መካከል ሲጣበቅ እንደ ነጠላ የተነጠፈ ስስ ሽፋን ይሆናል። ከኅዳር እስከ ጥር በየአውድማው ገብስና ስንዴ ሲወቃ የሚነሣው እብቅና የበጋው የመንገድ አቧራ ሲታከልበት በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ያልተጠረገ ላፕቶፕ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። በጥምቀት በዓል ድምፅ ማጉያ ጋር አያይዘን ሜዳ ላይ ስናወጣው ደግሞ የጥር ፀሐይ ያገኘዋል። አየሩ ቢቀዘቅዝም በደጋ ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር ዕቃ እንደሚያቃጥል የታወቀ ነው። አንድ ጃንጥላ ለመሣሪያው ቢያዝለት አይከብድም።

መፍትሔውን በተመለከተ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር የለም። ላፕቶፑ ዘወትር ጠፍጣፋና ጠንካራ ነገር ላይ ይቀመጥ፤ አልጋ ላይ መሥራት ግድ ከሆነ ጣውላ ወይም የእንጀራ ሰፌድ ሳይሆን ትሪ ከሥሩ ይደረግ። ሰፌድ ያልነው ሰው ሲያደርገው አይተን ነው፤ ጎድጓዳ ስለሆነ አየር አያስገባም። ከኋላ እግሮቹ ሥር ሁለት ሁለት የለስላሳ ቆርኪ ብናደርግ አየር የሚገባበት ክፍተት ይሰፋል፤ በብዙ ማሽኖች ላይም ቁጥሩ በጥቂት ዲግሪ ሲወርድ ይታያል። ዊንዶውስ ውስጥ በኃይል አጠቃቀም ማስተካከያው ላይ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን ከ100 ወደ 99 በመቶ ዝቅ ብናደርገው ፕሮሰሰሩ ከመደበኛው ፍጥነቱ በላይ የሚዘልበትን ልማድ ይተዋል። ፍጥነቱ በመጠኑ ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ግን በደንብ ይወርዳል። ለጽሑፍ ሥራ ልዩነቱ ከነጭራሹ አይታወቅም።

ሥራን በመቀነስ ሙቀትን መቀነስ ለሀገራችን አዲስ አይደለም። ከ2008 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች በሺህ የሚቆጠሩ ኤክስኦ የተባሉ ትናንሽ አረንጓዴና ነጭ ላፕቶፖች ለሕፃናት ታድለው ነበር። እነዚህ ላፕቶፖች ፋን የላቸውም። ፕሮሰሰራቸው ቀርፋፋ፣ የሚበላውም ኤሌክትሪክ ጥቂት ነበር። ዋናው ሰሌዳቸውም የተሠራው ከፊደል መጫኛው ሥር ሳይሆን ከስክሪኑ ጀርባ ስለነበረ ሙቀቱ ወደ አየር ይወጣል እንጂ የልጁን ጭን አይነካም፤ አቧራ የሚስብ ቀዳዳም የላቸውም። ስለ ዕደላው ብዙ ትችት ተሰምቷል፤ ትችቱም በብዙው ትክክል ይመስለናል። መሐንዲሶቹ በሙቀት ነገር የሠሩትን ግን ማድነቅ ይገባል።

ጽዳትን በሚመለከት፤ ላፕቶፑ ይጥፋ፣ ቻርጀሩ ይነቀል፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነም ይውጣ። የአየር ማስወጫው በለስላሳ ብሩሽና በእጅ በሚጨመቅ መንፊያ ይጠረግ። በአፍ መንፋት እርጥበት ያስገባል። ፋኑ በሚነፋበት ጊዜ እንዳይሽከረከር በጥርስ መፋቂያ እንጨት ቢያዝ ይሻላል። ላፕቶፑ ሦስትና አራት ዓመት ከሠራና ፋኑ ተጠርጎም ሙቀቱ ካልወረደ ከመዳብ ቱቦው ሥር ያለው ቅባት ደርቆ ሊሆን ስለሚችል በሚያውቅ ሰው ይለወጥ። በቅባቱ ቦታ የጥርስ ሳሙና የሚቀቡ መኖራቸውን ሰምተናል፤ የጥርስ ሳሙና ውኃ ስላለው በጥቂት ቀን ይደርቅና ዕቃው ከቀድሞው ይብስበታል። እንዲሁም ፋኑ ስለሚረብሸው «ንቀልልኝ» ብሎ የሚያስነቅል ሰው አይጠፋም፤ ስለዚህ ሰው የምንለው የለንም።

ያገለገለ ላፕቶፕ ለመግዛት የሚሄድ ወንድም ወይም እኅት ሻጩ ፊት አሥር ደቂቃ ያህል ቪዲዮ ያጫውትበት፤ የሙቀቱንም ቁጥር ይመልከት። ምንም ከባድ ሥራ ሳይሠራ 80 ዲግሪ የሚሆን፣ ወይም ከማስወጫው ምንም አየር የማይወጣ ከሆነ ፋኑ ወይም ቅባቱ ችግር አለበት ማለት ነውና ዋጋው ይቀነስ፤ ካልሆነም ይተው። ማስወጫው ላይ መዳፍን አስጠግቶ ሞቃት አየር መውጣቱን ማየት ብቻውን ብዙ ይናገራል።

ወደ ቦርሳ ሲገባም ላፕቶፑ ክዳኑ ብቻ ተዘግቶ እንዳይሆን፤ ሙሉ በሙሉ ይጥፋ። ተኝቷል ያልነው ላፕቶፕ ቦርሳ ውስጥ በራሱ ነቅቶ አየር በሌለበት ሲሠራ ይቆይና ከአሰላ አዳማ እስክንደርስ እሳት ሆኖ እናገኘዋለን። ከብርዱ ወደ ቆላው ሙቀት የገባ ቀዝቃዛ ላፕቶፕ ደግሞ እንደ ቀዝቃዛ የለስላሳ ጠርሙስ ጤዛ ሊያወጣ ስለሚችል ከመብራቱ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ። ባትሪው አብጦ የፊደል መጫኛውን ወይም ሆዱን ወደ ውጭ የገፋ ላፕቶፕ ግን ቁጥሩ ስንትም ይሁን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አይሞላ፣ አይከፈት፣ በምንም ነገር አይወጋ፤ ከሚቀጣጠል ነገር ርቆ ተቀምጦ ባትሪውን ለሚያወጣ ባለሙያ ይሰጥ።